የኪችን ካቢኔት ስታንዳርድ ልኩ ስንት ነው? አናጺው 80 ይላል፣ ኢንተርኔቱ አራት ዓይነት ቁጥር ይላል

ሰንበሌጥ
ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እባካችሁ ኪችን ያሠራችሁ ወይም የምትሠሩ ሰዎች እርዱኝ ግራ ገብቶኛል። አናጺው መጥቶ ለካና ወረቀት ላይ ስሎ ሰጠኝ፣ የታችኛው ካቢኔት ከፍታ ከነግራናይቱ 80 ሳንቲም፣ ወደ ውስጥ 50፣ የላይኛው ደግሞ ከግራናይቱ 40 ሳንቲም ከፍ ብሎ ይጀምራል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አልቀበልም ብዬ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ፣ አንዱ 85 ይላል፣ አንዱ 90፣ አንዱ 87.6፣ አንዱ 91.4 (ነጥብ አራቷ ከየት መጣች?)። ስታንዳርድ ከተባለ አንድ መሆን አልነበረበትም እንዴ? አናጺውን ስጠይቀው «እኔ ሁሌም እንደዚህ ነው የምሠራው፣ እስከዛሬ ማንም ምንም አላለኝም» አለኝ። ክፍሉ ጠበብ ያለ ነው፣ ረጅሙ ግድግዳ 3 ሜትር ከ60 አካባቢ አጭሩ 2 ሜትር ከ10፣ በኤል ቅርጽ ነው የምፈልገው። ካቢኔት ውስጥ የሚገጠም ኦቨን፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን፣ ፍሪጅ ይኖረዋል። ገና አልተቆረጠም፣ ቅዳሜ ነው የሚቆረጠው።

ቀውላላው
80???? ኧረ በሞቴ። እኔ 1.88 ነኝ፣ ድሮ የተከራየሁት ቤት 82 ነበር፣ ሰሃን ባጠብኩ ቁጥር ወገቤን ይዤ ነበር የምወጣው። ሰውዬው አጭር ነው መሰለኝ 😂

አጭሯ
ቀውላላው አንተ ደግሞ፣ እኛ አጫጭሮቹስ? እኔ 1.52 ነኝ ያለሁበት ቤት 92 ነው፣ ትልቅ ድስት ምድጃ ላይ ሳማስል ትከሻዬ ጆሮዬ ጋ ይደርሳል። ሁሉም ሰው ከፍ ይበል ከፍ ይበል ሲል ይገርመኛል።

ውሃ ልክ
ልጄ እንኳን ሳይቆረጥ ጠየቅሽ። ከእንጨት ጋር ከ20 ዓመት በላይ ቆይቻለሁና የማውቀውን ልንገርሽ። በኢንተርኔት ያየሻቸው ቁጥሮች አንዳቸውም ውሸት አይደሉም። ከፍታ ማለት የሦስት ነገር ድምር ነው፣ እግሩ (ወይ ዞኮሎው፣ እግሩን ከፊት የሚሸፍነው ጠባብ ቦርድ)፣ ሳጥኑ፣ ከላይ ያለው ግራናይት ማለትም ቶፑ። አውሮፓ ውስጥ በብዛት ሳጥኑ 72 ነው፣ እግሩ ከ10 እስከ 15፣ ቶፑ ድንጋይ ከሆነ 2 ሳንቲም ከእንጨት ውጤት ከሆነ 4 ሳንቲም ገደማ። ደምሪው፣ ከ84 እስከ 91 ያወጣሻል። ለዚህ ነው አንዱ 85 አንዱ 90 የሚልሽ፣ ሳጥኑ ያው ነው እግሩ ነው የሚለያየው።

ያንቺን 80 በተመለከተ ግን፣ ዕቃ ማጠቢያ ማሽን አለኝ ብለሻል። በቶፕ ስር የሚገባው ማሽን ዝቅ ተደርጎ እንኳ ወደ 82 ሳንቲም ከፍታ ይፈልጋል። 80 ላይ ግራናይቱ 2 ሲቀነስ 78 ነው የሚቀርሽ። ማሽኑ አይገባም፣ አለቀ።

ሰንበሌጥ
ጋሼ ውሃ ልክ እግዜር ይስጥልኝ!! ማሽኑን ለአናጺው ነግሬው ነበር እኮ፣ «ቦታ እተውለታለሁ» ነው ያለኝ። የተወው ስፋቱን ብቻ ነበር ማለት ነው።

ባለ መጋዙ
እኔም አናጺ ነኝ፣ ሙያ አጋሬን ትንሽ ልከላከልለት 😅 ያ 80 ከየት እንደመጣ ልንገርሽ። አንድ ቦርድ በብዛት 244 በ122 ነው (8 በ4 ፉት)። የሳጥኑን ጎን መሬት ድረስ አውርዶ የሚሠራ ሰው፣ 80 ሲቀነስ ግራናይት 2፣ 78 ይቆርጣል። 78 ሦስት ጊዜ 234፣ መጋዙ በየቆረጠው ቁጥር 3 ወይ 4 ሚሊ ይበላል፣ እሱም ሲደመር 244 ውስጥ ቁጭ ይላል። አሁን አንቺ 88 ይሁንልኝ ብትዪው ጎኑ 86 ይሆናል፣ 86 ሦስት ጊዜ 258፣ አይገባም፣ ስለዚህ ከርዝመቱ ሁለት ብቻ ይወጣና የሚተርፈው 71 ሳንቲም ምናምን ነው። 72 ብትፈልጊ እንኳ ለጥቂት ያመልጥሻል። ሰውዬው ቦርድ እየቆጠበ ነው፣ ምናልባትም ላንቺው ብሎ።

ግን መፍትሔው ቀላል ነው። ሳጥኑን 72 አድርጎ ይሥራ፣ ከሥሩ የሚስተካከል የፕላስቲክ እግር ይግባበት። 72 ሦስት ጊዜ 216፣ በወርዱ ደግሞ ወደ ውስጥ ያለው ልክ 58 ሁለት ጊዜ 116፣ ከአንድ ቦርድ 6 ጎን ማለትም የ3 ካቢኔት ጎን ይወጣል። የሚተርፈው ቁራጭ ለላይኛው ማሰሪያ ይሆናል። እግሩን 14 ብታደርጊው 72 ሲደመር 14 ሲደመር 2፣ 88። ቦርዱም አልባከነም አንቺም አላጎነበስሽም። ሌላው ጥቅሙ ቺፕውድ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ወለል ላይ የተቀመጠ ጎን መጀመሪያ የሚበላሸው ከታች ነው፣ እግር ካለው ግን ውሃ ቢፈስ እንኳ ሳጥኑ ጋ አይደርስም፣ ዞኮሎዋን ብቻ ነው የምትቀይሪው።

ውሃ ልክ
ባለ መጋዙ ተባረክ፣ እኔ በዚህ መንገድ አላሰብኩትም ነበር። አናጺውን ተሳስተሃል ከማለት ይሄን አሳዪው ልጄ፣ ሰው ሲሰደብ ይደነድናል።

ነጥብ በነጥብ
91.4 እና 87.6 ለምትለው፣ እነዚህ የአሜሪካ ናቸው ከኢንች የተመነዘሩ። የታችኛው ካቢኔት ሳጥንና ዞኮሎ ባንድ ላይ 34.5 ኢንች = 87.6፣ ላዩ ላይ 1.5 ኢንች ቶፕ ሲገባ 36 ኢንች = 91.4። ወደ ውስጥ 24 ኢንች = 61፣ የላይኛው ካቢኔት 12 ኢንች = 30.5፣ በመሃል ያለው ክፍተት 18 ኢንች = 45.7። ስፋታቸው ደግሞ ከ9 ኢንች ጀምሮ በ3 በ3 ኢንች (7.6 ሳንቲም) ይጨምራል። የአውሮፓው በሳንቲም 30፣ 40፣ 45፣ 50፣ 60፣ 80፣ 90 እያለ ይሄዳል። ሁለቱን ቀላቅለሽ እንዳትወስጂ፣ ጎረቤቴ ንድፉን ከአሜሪካ ቪዲዮ ወስዶ ማሽኖቹን የአውሮፓ ገዝቶ፣ የ30 ኢንች (76 ሳንቲም) ምድጃ ቦታ ላይ የ60 ምድጃ አስገብቶ ግራና ቀኝ 8 8 ሳንቲም ክፍተት ቀረው፣ አሁን ትሪ ይሰካበታል።

ያየ ይፍረድ
ስለ 60 ከተነሳማ የኔን ጉድ ስሙ። ለሚሠራልኝ ሰው «ኦቨኑ 60 ነው» አልኩት፣ ካቢኔቱን ውስጡን 60 አድርጎ ሠራው፣ ንጹህ ሥራ ምንም አይወጣለትም። ኦቨኑ መጣ፣ ገፋ ሲደረግ እንደ መሳቢያ ተንሸራቶ እስከ ግድግዳው ገባ!! ለካ የኦቨኑ የፊት መስታወት 59.5 ነው፣ ኋላው ያለው አካሉ 56 የማይሞላ ነው፣ ፊቱ በሳጥኑ ጎኖች ላይ ማረፍና በብሎን መታሰር አለበት፣ እኛ ጋ ግን የሚያርፍበት ጎን የለም ፊቱም አብሮ ገባ። 60 የሚባለው የካቢኔቱ የውጭ ልክ ነው። በመጨረሻ ከውስጥ ግራና ቀኝ የ18 ሚሊ ቁራጭ ተለጠፈ፣ 60 ሲቀነስ 3.6 ልክ 56.4 ሆነ፣ ኦቨኑ ቆመ። ግን ሳጥኑ ራሱ ከውጭ 63.6 ሆኖ ስለተሠራ አጠገቡ ያለው መሳቢያ 3.6 ሳንቲም ተበላ፣ ሀዲዱም እንደገና ተገዛ።

ባለ መጋዙ
ያየ ይፍረድ ያንተ ታሪክ በየሳምንቱ ነው የሚደርሰው። ሰንበሌጥ ይሄን ጻፊልኝ፣ በ18 ሚሊ ቦርድ የ60 ካቢኔት ውስጡ 56.4 ነው፣ በ16 ሚሊ ቦርድ 56.8። ኦቨን በሁለቱም ይገባል። ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ግን ሳጥን የለውም፣ በሁለት ካቢኔቶች መሃል ንጹህ 60 ክፍት ቦታ ነው የሚፈልገው (ቀጭኑ ዓይነት ከሆነ 45)። አንዱ 60 ከውጭ ሌላው 60 ከውስጥ፣ ሰው የሚምታታው እዚህ ጋ ነው።

መሳቢያ ላይም እንደዚሁ፣ በጎን የሚታሰረው ባለ ኳስ ሀዲድ በየጎኑ 12.7 ሚሊ ይወስዳል፣ ስለዚህ የመሳቢያው ሳጥን ከካቢኔቱ ውስጥ ልክ 26 ሚሊ ገደማ ያነሰ ይሁን። 56.4 ላይ 53.8። ጠበብ ካለ ይነክሳል፣ ከሰፋ ከሀዲዱ ይወጣል፣ እዚህ ጋ «በግምት» የሚባል ነገር የለም።

ሰንበሌጥ
ወይኔ ጭንቅላቴ። እሺ ወደ ውስጥ 50 ያለውስ? ኪችኑ ጠባብ ነው መተላለፊያ ይኑርሽ ብሎ ነው እሱ።

ሥዕል በሜትር
ሰላም፣ የውስጥ ዲዛይን ነው የምሠራው። ክፍልሽ ስፋቱ 2.10 ከሆነና ካቢኔቱ በረጅሙ ግድግዳ ላይ ብቻ ከሆነ (አጭሩ ጫፍ ላይ ነው መቼም) 60 ብታደርጊው 150 ሳንቲም መተላለፊያ ይቀርሻል። ለአንድ ሰው ከ100 እስከ 110፣ ሁለት ሰው ለሚሠራበት 120 በቂ ነው። ማሽኑ በሩ ሲከፈት ወደ 60 ሳንቲም ወደፊት ይመጣል፣ በ150 ላይ ቆመሽ ትጭኚዋለሽ። ስለዚህ ለመተላለፊያ ብለሽ 10 ሳንቲም የምትሠዊበት ምክንያት አይታየኝም።

50 ቢሆን ደግሞ የምታጪው ብዙ ነው። ባለ 4 የሚቀበር ምድጃ የሚቆረጥለት ቀዳዳ በብዛት 56 በ49 ነው፣ በ50 ግራናይት ላይ 49 ቆርጠሽ ምን ይቀራል? ክር ነው የሚቀረው፣ ግራናይቱ ሲጫን ይሰበራል። ኦቨኑም ወደ ውስጥ ቢያንስ 55 ይፈልጋል ከኋላው አየርም ሳይቆጠር። ማሽኑ ወደፊት አፍጦ ይቀራል። ሳጥኑ 56 ወይ 58፣ በሩ 2፣ ግራናይቱ 60 ወይም 62 ይሁን፣ ትንሽ ከበሩ አለፍ ካለ የሚንጠባጠበው ውሃ በር ላይ አይወርድም።

ቀውላላው
ሥዕል በሜትር፣ የከፍታስ ፎርሙላ የለውም? እኔና ባለቤቴ 25 ሳንቲም ነው የምንለያየው።

ሥዕል በሜትር
አለ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ክንድህን አጥፈህ ክርንህ ከወለሉ ስንት እንደሆነ ይለካ (የቤት ጫማህን አድርገህ፣ ባዶ እግርህን ቆመህ ከሆነ የምትሠራው ባዶ እግርህን)። ከሱ ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲም ቀንስ። ሜትር ከሌለህ ቁመትህን ለሁለት ከፍለህ 5 ጨምርበት፣ 188 ከሆንክ 99፣ 163 ከሆነች 86.5 ይሆናል። አጭሯ ደግሞ 81 ነው የሚደርስሽ፣ 92 ላይ ትከሻሽ ቢያምሽ አይገርምም።

እውነቱን ለመናገር ግን አንድ ከፍታ ለሁሉም ሥራ አይስማማም። የምናጥበው ሲንኩ ውስጥ ከታች ስለሆነ እጅ ከቶፑ በታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ሲንክ ከፍ ቢል ይሻላል፣ ምድጃ ላይ ደግሞ ድስቱ ራሱ ከፍታ ስላለው ምድጃው ዝቅ ቢል ይመረጣል። ቦታ ያለው ሰው ከፍና ዝቅ አድርጎ ያሠራል። ጠባብ ኪችን ላይ ግን ግራናይቱ እየተቆራረጠ ደረጃ ሲሠራ ያስጠላል፣ ዕቃም ከጫፉ ይወድቃል፣ እኔ አልመክርም። ለሁለታችሁ በብዛት ለሚሠራው ሰው አድርጉት።

ቀውላላው
እሺ በቃ 99 😂 (ባለቤቴ ይሄን ካየች ከነሜትሩ ታባርረኛለች)

ባለ መንኮራኩር
እኔ በተሽከርካሪ ወንበር ነው የምንቀሳቀሰው፣ ክሩን ዝም ብዬ ሳነብ ነበር ግን ማንም አላነሳውም። ለኔ ቶፑ ከ86 መብለጥ የለበትም፣ ከሥሩ ደግሞ ካቢኔት ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው የሚያስፈልገኝ፣ ጉልበቴ እንዲገባ 70 ሳንቲም ገደማ ከፍታና ቢያንስ 76 ስፋት። ሲንኩ ጥልቅ ከሆነ ጉልበቴን ይመታዋል ስለዚህ ሲንኩ ከ15 ሳንቲም ያልበለጠ ጥልቀት ቢኖረው፣ ሲፎኑም (ከሲንኩ ሥር ያለው የፍሳሽ ቱቦ) ወደ ኋላ ተገፍቶ ቢታሰርና የሙቅ ውሃው ቱቦ ቢሸፈን፣ እግር ሙቀት ላይሰማው ይችላል ሳይታወቅ ያቃጥላል። ዞኮሎ ደግሞ ከፍ ያለ ከሆነ የወንበሩ የእግር ማረፊያ ሥሩ ይገባል፣ 20 ሳንቲም ከፍ ቢል በጣም ደስ ይለኛል። ለናንተ እናት ወይ አባት ሲያረጁም ያው ነው።

ውሃ ልክ
ወንድሜ ባለ መንኮራኩር፣ ጥሩ አስታወስከን። ስለ ዞኮሎም ካነሳህ አይቀር ለሰንበሌጥ፣ ዞኮሎው ከበሩ ፊት ከ5 እስከ 7 ሳንቲም ወደ ውስጥ ይግባ። ፊት ለፊት እኩል አድርገው የሚሠሩ አሉ፣ ያምራል፣ ግን የጫማሽ አፍንጫ ስለሚገጨው ወደ ኋላ ሸሽተሽ ትቆሚና ከወገብሽ ታጎነብሻለሽ። ወገቤን አመመኝ የሚል ሰው ኪችን ሄጄ መጀመሪያ የማየው ከፍታውን ሳይሆን ይሄንን ነው።

አጭሯ
የላይኛውስ? እኔ ያለወንበር የምደርሰው የመጀመሪያው መደርደሪያ ላይ ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ምን እንዳለበት እንኳ አላውቅም።

ሥዕል በሜትር
ከግራናይቱ እስከ ላይኛው ካቢኔት ከ45 እስከ 60 ባለው ውስጥ ነው የሚሠራው። ለአጭር ሰው 45፣ ለሰንበሌጥ 50 ወይ 52 አካባቢ። 40 ያላት ያንሳል፣ ብሌንደርም አይቆምበትም ፊትሽም ካቢኔቱ ላይ ነው። ምድጃው ላይ ግን ይሄ አይሠራም፣ የጭስ መሳቢያው ሁድ ከጋዝ ምድጃ ከ65 እስከ 75 ሳንቲም ከፍ ማለት አለበት፣ በሁዱ ወረቀት ላይ ዝቅተኛው ይጻፋል፣ የተጻፈው ከኔም ከአናጺውም ይበልጣል። ስፋቱም ከምድጃው አይነስ።

ወደ ውስጥ ከ30 እስከ 35። 30 ከሆነ በሩና የኋላው ልባስ ሲቀነሱ ውስጡ 28 ገደማ ይቀራል፣ ተለቅ ያለ ሰሃን 27 ነው፣ ለጥቂት ነው የሚዘጋው። ሰሃናችሁን ለኩ። 35 ከሆነ ይመቻል፣ ከ60ው ግራናይት ላይ 25 ስለሚቀር ጭንቅላት አይመታም። ማይክሮዌቭ ላይኛው ካቢኔት ውስጥ አስባችሁ ከሆነ ተዉት፣ አብዛኛው ከ35 በላይ ጥልቀት አለው ከኋላው ደግሞ መሰኪያውና አየሩ አለ። ረጅሙ ካቢኔት ውስጥ ወይ ታች ይግባ።

ከፍታው 60፣ 72፣ 90 ይሆናል። ኮርኒሱ 2.60 ከሆነ፣ 88 ሲደመር 52 = 140 ላይ ይጀምራል፣ 72ቱ 212 ላይ ያልቃል፣ ከዛ በላይ 45 የሚሆን ትንሽ ሳጥን ጨምሮ መዝጋት ይቻላል፣ በዓመት አንዴ የሚወርድ ዕቃ ይግባበት። ክፍት ከተተወ አቧራና ቅባት ይጋገርበታል፣ ማን ወጥቶ ይጠርጋል።

አንድ የጎን ወሬ፣ ይሄ ሁሉ በሳንቲም የመለካት ጣጣ የመጣው ከትንሽ ኪችን ነው። በ1926 ማርጋሬተ ሹተ ሊሆትስኪ የምትባል ኦስትሪያዊት አርክቴክት ለፍራንክፈርት የጋራ መኖሪያ ቤቶች 1.90 በ3.40 ሜትር የሆነ ኪችን ነደፈች፣ የባቡር ምግብ ቤት ኪችን አይታ ነው መነሻዋ ይባላል፣ ሴትዮዋ እርምጃ እየቆጠረች ነው የሠራችው፣ ወደ 10,000 የሚሆን ተተከለ። ሰንበሌጥ ያንቺ ክፍል ከሱ ይሰፋል እኮ! ዛሬ ደግሞ ካቢኔቱና ማሽኑ እንዲገጥሙ የሚያስማሙ የጽሑፍ ደረጃዎች አሉ፣ ዓለም አቀፉ ኢሶ 3055 እና የአውሮፓው ኢኤን 1116። 60 የሚለው ቁጥር ማሽን በሚሠራውም ካቢኔት በሚሠራውም ዘንድ አንድ የሆነው በዚህ ዓይነት ስምምነት ነው።

ሰንበሌጥ
ከተስፋ ቆራጭነት ወደ ፍልስፍና ገባን 😄 ዛሬ ራሴ ሜትር ይዤ ለካሁ። ረጅሙ ግድግዳ ከታች 361፣ ከመሃል 359.5፣ ከላይ 358። አጭሩ 209፣ 209.5፣ 210። ግድግዳዬ ጠማማ ነው ማለት ነው?

ውሃ ልክ
የሁሉም ሰው ግድግዳ ጠማማ ነው ልጄ፣ ልስን በእጅ ነው የሚለሰነው። ሁሌም ትንሹን ያዢ፣ 358 እና 209። ሴራሚክ ግድግዳው ላይ ገና ካልተለጠፈ ደግሞ በየጎኑ የሴራሚኩንና የማጣበቂያውን ውፍረት ቀንሺ። ወለሉስ አልቋል? ወለሉ ሳያልቅ ካቢኔት አይገባም፣ ካቢኔት ከገባ በኋላ ፊት ለፊቱ ሴራሚክ የተነጠፈበት ቤት አውቃለሁ፣ ማሽኑ ሲበላሽ ሊወጣ አልቻለም ግራናይቱ ከላይ ሴራሚኩ ከታች ይዘውት።

ከፍታም ስትለኩ ከወለሉ ከፍተኛ ቦታ ጀምራችሁ በውሃ ልክ ውሰዱ፣ ከዝቅተኛው ከጀመራችሁ በሌላው ጫፍ እግሩን የምታሳጥሩበት ታጣላችሁ።

ባለ መጋዙ
እንደምር። ረጅሙ 358፣ ማዕዘኑ 90 በ90 ካቢኔት ይሁን፣ ቀጥሎ ሲንክ 80፣ ማሽን 60፣ መሳቢያ 60፣ ሲደመር 290። 68 ይቀራል፣ ፍሪጅ 60፣ ግራና ቀኝ 4 4። አሪፍ!

ያየ ይፍረድ
አሪፍ አይደለም ባለ መጋዙ። ፍሪጁ ግድግዳ ጥግ ነው ያለው፣ በሩ 90 ዲግሪ ብቻ ከተከፈተ ውስጡ ያሉት መሳቢያዎች አይወጡም፣ በ4 ሳንቲም እጀታው ግድግዳውን ይመታል። እኔ የአትክልት መሳቢያውን ለማውጣት ፍሪጁን ወደፊት እጎትታለሁ፣ በየሳምንቱ።

ባለ መጋዙ
እውነትህን ነው ተቀበልኩ። መሳቢያው 50 ይሁን፣ ለፍሪጅ 78 ይተርፋል፣ ፍሪጁን ከግድግዳው ወደ 10 አርቀሽ አቁሚው፣ ከኋላም ትንሽ አየር ተይለት። አጭሩ ደግሞ ማዕዘን 90፣ ኦቨንና ምድጃ 60፣ ይሄ 150 ነው፣ 59 ይቀራል። እዚህ ጋ 60 የሚል ሰው ካለ ቤት ማፍረስ ሊኖርበት ነው 😂 56 ካቢኔትና 3 ሳንቲም መሙያ (ክፍተቱን የሚዘጋ ጠባብ ቦርድ) አድርጊ። መሙያው ከሌለ የመጨረሻው በር ሲከፈት ማጠፊያው በሩን ወደ ግድግዳው ስለሚገፋው ይፋቃል፣ ጠማማውንም ግድግዳ የሚደብቅልሽ ያ መሙያ ነው።

በአናጺ የማሠራት ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፣ ከሱቅ ተዘጋጅቶ የሚገዛ ሰው 50 ወስዶ 9 ሳንቲም በመሙያ ይሸፍናል። ማሽን የሚገባባቸው ብቻ ናቸው 60 ይሁኑ ብለው የሚያስገድዱ፣ ሌላው 43 ቢሆን 56 ቢሆን ማንም አይጠይቅሽም።

ነጥብ በነጥብ
አንድ ነገር ብቻ፣ ማሽኑ ከማዕዘኑ አጠገብ እንዳይሆን ቀድማችሁ አስተካክላችኋል ጎበዞች። ማዕዘን ላይ ሁለት በር ወይ መሳቢያና የምድጃ እጀታ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይዘጋል፣ ዓይነ ስውር የሚባለውን ማዕዘን (አንዱ ካቢኔት ከሌላው ጀርባ የሚደበቅበትን) የምታሠሩ ከሆነ ቢያንስ 5 ሳንቲም መሙያ አድርጉ።

ሰንበሌጥ
አናጺው ጋ ሄጄ የቦርዱን ሒሳብ አሳየሁት፣ የባለ መጋዙን። ዝም ብሎ አየውና «ይሄን ማን ነገረሽ» አለኝ፣ አናጺ ነው ስለው ሳቀ። እግር አስገብቼ ሠርቼ አላውቅም ግን እሞክራለሁ አለ። ክርኔን ለካሁት 101 ነው፣ 88 ላይ ተስማማን። ግራናይቱ 2፣ ሳጥኑ 72 ወደ ውስጥ 58፣ እግር 14። ማሽኑ 86 ክፍት ቦታ ያገኛል፣ ወረቀቱ ላይ እግሩ ከ82 እስከ 87 ይስተካከላል ይላል። ከላይ 52 ክፍተት፣ 35 ወደ ውስጥ። ኦቨኑ ቅዳሜ ሳይቆረጥ ይምጣ ብያለሁ፣ በአካል ይለካው።

ስለ ቀዳዳ ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እጀታ ልገዛ ሄጄ «በስንት ነው ቀዳዳው» አሉኝ። ምንድነው እሱ?

ባለ መጋዙ
በሁለቱ ብሎኖች መሃል ያለው ርቀት ነው፣ ከመሃል መሃል። 96፣ 128፣ 160፣ 192 ሚሊ እያለ ይሄዳል፣ ሁሉም የ32 ብዜት ናቸው፣ የካቢኔት ቀዳዳ በብዛት በ32 ሚሊ ነው የሚሄደው። 128 ውሰጂ፣ ወደፊት ቢያስጠላሽ በቀላሉ ሌላ ታገኚለታለሽ። እጀታው እስኪመጣ ግን በሩ አይበሳ።

አጭሯ
ከላይኛው በር ላይ እጀታውን ታች ጥጉ ላይ አድርጊው እባክሽ፣ እኔ መሃል አስደርጌ እየዘለልኩ ነው የምከፍተው።